ትንሹ ግፊት

አባ ቆይ የእናት የአባት ስማቸው አይደለም። ስሙን ያወጡላቸው የወርክሾፑ ሰዎች ናቸው። ካወጡት ሰዎች ግማሹ ጡረታ ወጥቷል፣ ግማሹ ሞቷል፤ ስሙ ግን እንደ ቱታቸው የዘይት እድፍ ታጥቦ ሳይለቅ ቀረ። አሁን ደመወዝ ከፋዩ ሳይቀር "አባ ቆይ!" ብሎ ነው በመስኮቱ የሚጠራቸው።

ሥራቸው መፈተሽ ነው። ወርክሾፑ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ከጋዝ ጉድጓድ አፍ ላይ ተፈትቶ የመጣ ቫልቭ እዚያ ይታጠባል፣ ያረጀ የጎማ ቀለበቱ ወጥቶ በአዲስ ይተካል፣ ብሎኑ ይጠብቃል። ከዚያ አባ ቆይ ፊት ይቀርባል። ሁለት አፉ በወፍራም የብረት ክዳን ይደፈናል፤ ውሃ ይሞላል፤ ውስጡ ተደብቃ የቀረች አየር ካለች ትወጣለች። ሰው ሁሉ ከሲሚንቶው ግድግዳ ኋላ ይገባና ፓምፑ ይነሣል። ግድግዳው ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታህል ወፍራም መስታወት አለች። በዚያች መስታወት የግፊት መለኪያው ቀስት ይታያል። ቀስቱ በቆመበት ከጸና ዕቃው ደህና ነው፤ ዝቅ ካለ፣ የፀጉር ያህልም ዝቅ ካለ፣ አንድ ቦታ ያፈሳል።

ችግሩ፣ ቀስቱ ወዲያው አይናገርም። እንደ አፋር ልጅ ነው፤ ሆዱ ያለውን የሚያወጣው ሰው ሁሉ መጠበቅ ሲሰለቸው ነው። ስለዚህ ፓምፕ ነጂው "በቃ አለፈ" ሲል አባ ቆይ "ቆይ" ይላሉ። የጭነት መኪናው ሹፌር ጥሩምባ ሲነፋ፣ "ቆይ።" ካቦው በግድግዳው ጥግ ብቅ ብሎ ሰዓቱን ሲያሳይ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩት፣ "ቆይ።"

ፓምፕ ነጂው ከእሳቸው ጋር ያረጀ ሰው ነው። አፉ ስለማያርፍ "ራዲዮ" ይሉታል።

"አባ ቆይ ሲወለዱ" ይላል ራዲዮ፣ ለአዲስ ሰው ሁሉ፣ "አዋላጇ እናታቸውን 'ግፊ! ግፊ!' ስትል እሳቸው ከውስጥ ሆነው 'ቆዪ' አሏት አሉ።"

"አንተ ስትወለድ ደግሞ" ይላሉ አባ ቆይ ዓይናቸውን ከመስታወቷ ሳያነሡ፣ "አንድ ሰው እንኳ 'ዝም በል' የሚልህ ጠፍቶ ነው እንዲህ ሆነህ የቀረኸው።"

የፈተሹትንና የያዘውን ዕቃ በብሩሽ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር ያሰምሩበታል። ነጭ መስመር የሌለበት ዕቃ ጉድጓድ ላይ አይሠራም፤ ሕጉ ነው። ከዚህ ሕግ በላይ ግን የእሳቸው አንድ የማትሻር ሕግ አለች፤ ከትንሹ ግፊት ጀምር።

ነገሩ ለሰሚው ግራ ነው። ትልቁን የቻለ ትንሹን እንዴት ያቅተዋል? ያቅተዋል። ትልቁ ግፊት ሲመጣ ጎማውን በኃይል ገፍቶ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ስንጥቋም ትደፈናለች። ያኔ ዕቃው የያዘ ይመስላል፤ በእርግጥም ይይዛል። የሚያፈሰው ግፊቱ ሲቀል፣ ጎማው ሲላላ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሹ ይፈተናል፤ ጎማው ገና ሳይጨነቅ፣ በተፈጥሮው እንዳለ። ቀድሞ በትልቁ የተጨቆነ ጎማ ለጥቂት ጊዜ እንደተጣበቀ ስለሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ በትንሹ ቢፈትኑት የሚሰጠው መልስ መልስ አይደለም። የተጨበጠ እጅ ውሃ ይይዛል፤ ሲላላ ነው በጣት መሐል የሚያፈሰው።

ሚስታቸው ስትሞት አባ ቆይ አላለቀሱም። ሕመሙ ረጅም ነበር፤ እያገላበጡ ያጠቧት፣ ማንኪያ በማንኪያ ያጎረሷት እሳቸው ናቸው። አፈር ስትለብስ እጃቸውን አጣምረው ቆመው አዩ። አንዱ ጎረቤት "አይ ወንድ! አለት እኮ ነው" አለ። ሌላው ድምፁን ቀንሶ "አንጀት ያልፈጠረበት ነው እንጂ" አለ። ብቸኛ ልጃቸው ገና መጸነሷ ነበርና፣ እሷ እንዳትጎዳ ሲሉ ፊታቸውን እንደ በር ዘጉ። ከዚያም ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ከመስታወቷ ኋላ ቆመው "ቆይ" ማለታቸውን ቀጠሉ።

ወራት አለፉ። አንድ ማለዳ ሻይ ጥደው የስኳሩ ጣሳ ባዶ ሆነባቸው። ቢፈልጉ ከቁም ሳጥኑ የላይኛው መደርደሪያ፣ ከድስቶቹ ኋላ፣ አፉ የታሰረ ፌስታል አገኙ። ስኳር ነው። አስተሳሰሩ የእሷ ነው። እሷ ፌስታል ስታስር ሁለት ጊዜ ትጠመዝዝና ጫፉን ከሥር አሾልካ ሁለት ጆሮ ታወጣለታለች። ልጃቸው ሕፃን ሳለች "የጥንቸል ጆሮ" ትለው ነበር። አባ ቆይ ሳያስቡት አንዱን ጆሮ ሳብ አደረጉት፤ ተፈታ። ከተፈታ በኋላ ነው ነገሩ የገባቸው። እጇ ዘግቶት ሳይከፈት የቀረ ነገር በቤቱ ውስጥ ያ ብቻ ነበር።

መልሰው ሊያስሩት ሞከሩ። ጣታቸው ብሎን የለመደ ጣት ነው፤ ጠመዘዙ፣ አሾለኩ፣ ጆሮው አልወጣ አለ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣ ሞቷን የቻለው ደረታቸው በአንድ ፌስታል ስኳር ተሸነፈ። ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። የጋዙን ማብሪያ ዘግተው፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ሻይ ሳይቀምሱ ወጡ።

ወርክሾፑ ሲደርሱ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ቫልቩ ክዳኑ ተደፍኖ፣ ውሃው ተሞልቶ ተዘጋጅቷል። ካቦው ወዲያ ወዲህ ይላል።

"አባ ቆይ፣ ዛሬ እንኳ እባክዎ! ጉድጓዱ ላይ ሰው እጁን አጣጥፎ ይህን ዕቃ ነው የሚጠብቀው።"

ራዲዮ ፓምፑ አጠገብ ሆኖ ጮኸ። "ፓምፑ ከትናንቱ ዕቃ ለትልቁ ግፊት እንደተዘጋጀ ነው ያለው። ዝቅ ላድርገውና ከትንሹ ልጀምር?"

አባ ቆይ መስታወቷን ያያሉ። በመስታወቷ ውስጥ የሚያዩት ግን ቀስቱን አልነበረም።

"ቀጥል" አሉ።

ራዲዮ ዞር ብሎ አያቸው። ያዘዘው ግን ፈታሹ ነው፤ ቀጠለ። ቀስቱ ወጣ፤ ትልቁ ላይ ቆመ፤ ጸና። ከዚያ ዝቅ አደረጉና በትንሹ ሞከሩት፤ እሱም ጸና። ማንም "ቆይ" አላለም። አባ ቆይ ብሩሹን ነክረው ነጩን መስመር አሰመሩ።

ካቦው ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። "ዛሬ ገና ሰው ሆኑ!" አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሌላ ዕቃ ቀረበ። ራዲዮ እጁን ፓምፑ ላይ አድርጎ፣ እየሳቀ፣ "እህስ፣ ዛሬም እንደ ትናንትናው ከትልቁ ነው?" አለ።

"ምን አልክ?"

"ከትልቁ ነው ወይ አልኩ። ትናንት ሕግዎን ራስዎ ሲሽሩት ጊዜ ዓለም ሊያልፍ ነው ብዬ ሚስቴን ተሰናብቼ ነው የተኛሁት።"

አባ ቆይ ከግድግዳው ኋላ ያለችውን በርሜል ፈልገው ተቀመጡባት። ራዲዮ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

"አባ ቆይ? ምነው? እኔ እኮ ለቀልድ ነው።"

"ከትልቁ ነው የጀመርነው" አሉ፣ ለእሱ ሳይሆን ለጉልበታቸው የሚነግሩ ይመስል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቫልቩ ደህና ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛው ዕቃ ደህና ነው፤ አዲስ ጎማ ነው የገባለት። አባ ቆይን የወጋቸው ያፈሳል የሚለው ሐሳብ አልነበረም። አለማወቃቸው ነው። አለማወቃቸው ላይ በእጃቸው ነጭ ቀለም ቀብተውበታል። ቫልቩ የሄደው ደግሞ የልጃቸው ባል ወደሚሠራበት ጉድጓድ ነው።

ካቦው ቢሮ ሄዱ። ካቦው ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ሰማቸው።

"በትልቁ ያዘ?"

"ያዘ።"

"በትንሹስ?"

"ያዘ። ግን ቅደም ተከተሉ..."

"አባ ቆይ።" ካቦው ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን አለሰለሰ። "እናቴ የሞተች ሰሞን እኔም እንደዚህ ሆኜ ነበር። ቤቴን ቆልፌ እወጣና፣ ከመንገድ እየተመለስኩ በሩን እገፋ ነበር። ተቆልፏል፣ እሄዳለሁ፤ ደግሞ እመለሳለሁ። ሐዘን ነው። ይሂዱና ትንሽ ይረፉ።"

"በሩ ግን ተቆልፎ ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ ግን አልቆለፍኩም፣ ልጄ።"

ካቦው ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ።

ኢንጂነሯ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ ግማሽ የተበላ ዳቦ አይጠፋም። ነገሩን ሳይጨርሱላት ገባት፤ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። "ከትንሹ አልጀመሩም?" አለች፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ስልክ አነሣች። አባ ቆይ በሩ አጠገብ ቆመው የሰሙት የእሷን ግማሽ ብቻ ነው። "አዎ... አውቃለሁ... እሱ እኮ ነው የምልህ... በትልቁማ ይይዛል!... ለማን ልደውል ታዲያ?" ደግሞ ደወለች፤ ደግሞ ሌላ ሰው። በመጨረሻ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"ገጥመውታል። እዚያም በትልቁ ሞክረውት ይዟል። እሱን ለማውጣት ጉድጓዱ መዘጋት አለበት፣ ተለዋጭ ዕቃ ደግሞ የለም። በሚቀጥለው ጥገና ይታያል አሉኝ።"

"የሚቀጥለው ጥገና መቼ ነው?"

"ዕቃ ሲመጣ።"

"ዕቃውስ?"

መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገች። "አልዋሽዎትም፣ አባባ። እውነትዎን ነው ማለት እችላለሁ፤ ብያለሁም። ማስቆም ግን አልችልም። ከእኔ በላይ ያለውም ከእሱ በላይ ያለውን እየፈራ ነው የሚያድረው።"

አባ ቆይ አመስግነዋት ወጡ። ብትዋሻቸው ኖሮ ቢያንስ የሚጣሉት ሰው ያገኙ ነበር።

አማቻቸው በሳምንቱ መጨረሻ ለዕረፍት መጣ። ቁመቱ በር ላይ ስለሚያጎነብሰው "መሰላል" ነው የሚባለው። አባ ቆይ ሲገቡ ሳሎኑ ወለል ላይ ተዘርፍጦ የሕፃን አልጋ ይገጣጥማል። ልጃቸው ወንበር ላይ ሆና፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ ጭና፣ መመሪያውን ታነብለታለች።

"አባባ! በደህና መጡ" አለ መሰላል፣ ለመነሣት ሲል ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው እያጋጨ። "ጥሩ ሰዓት ነው የደረሱት። ይህን አልጋ ይፈትሹልኝ፤ እርስዎ ሳያሳልፉት ልጅ አይተኛበትም። ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈኛል።"

"የሚተርፍህ ስለምትቸኩል ነው" አለች ልጃቸው። "አባዬ፣ ተቀመጥ እንጂ፤ ምን ያቆምሃል?"

አባ ቆይ አልተቀመጡም። "ወደዚያ ሥራ አትመለስ" አሉት።

መሰላል የቀልድ መጀመሪያ መስሎት ፈገግ ብሎ ጠበቀ። ቀልዱ አልመጣም። አባ ቆይም ነገሩን ከሥሩ ነገሩት፤ ትልቁን፣ ትንሹን፣ ጎማውን። ፌስታሉን ብቻ አልነገሩትም።

"ያ ሰሞኑን የመጣው ቫልቭ ነው?" አለ መሰላል። "እርስዎ ይሙቱ! ሲወርድ እዚያው ነበርኩ እኮ። ልጆቹ ነጩን መስመር ሲያዩ ምን እንዳሉ ያውቃሉ? 'አባ ቆይ ያሳለፈው ነው፤ ትራስ አድርገህ ተኛበት' ነው ያሉት። እሱ ጋ ደግሞ ጥላ አለ። ዕረፍት ስንወጣ እሱ ሥር ነው የምንቀመጠው።"

"መቼ መቼ ነው የምትቀመጡት?"

"ጉድጓዱ ጸጥ ሲል ነዋ። ሲያገሳማ ማን ይቀመጣል?"

አባ ቆይ ወንበሩን ያዙ። ጸጥ ሲል። ግፊቱ ሲቀል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ጋዝ ግን ድምፅም የለው።

"ሌላ ቦታ ተቀመጡ። ቢያንስ ሌላ ቦታ። እሳት የሚባል አጠገቡ አይጫር።"

"እሺ፣ አባባ።" እሺው ግን ለታመመ ሰው የሚባል እሺ ነበር። "መቅረቱን ግን አይበሉኝ። እኔ ብቀር ቦታዬ ባዶ አይሆንም፤ የሌላ ልጅ አባት ይቆምበታል። ደግሞ ይህ እንግዳ" አለ ወደ ሚስቱ ሆድ በመፍቻው እያመለከተ፣ "ሲመጣ ምን እናበላዋለን? ብሎን?"

ልጃቸው አልሳቀችም። አባቷን ታያለች። "አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀብተኸዋል ወይስ አልቀባኸውም?"

"ቀብቼዋለሁ።"

"እንግዲያው አለቀ። አንተ ያልሆነ ነገር ቀብተህ አታውቅም።"

"አንዴ" አሉ።

ተነሥታ መጥታ፣ ሆዷ በመካከላቸው ሆኖ፣ የቱታቸውን ኮሌታ አስተካከለችላቸው። "እማዬ ከሄደች ወዲህ እንቅልፍ የለህም" አለች። "ዓይንህን እየው እስኪ። እኛ ጋ ግባ ብዬህ እምቢ አልክ።"

ያን ጊዜ አባ ቆይ አንድ ነገር ገባቸው። መሰላልን ወደዚያ ጥላ የሚወስደው ካቦውም፣ የጉድጓዱ ሳይት አለቃም፣ ድህነቱም ብቻ አይደለም። የእሳቸው ስም ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ "ቆይ" እያሉ ጠብታ በጠብታ ያጠራቀሙት መታመን፣ አሁን ሰውን በእጁ ይዞ ወደ እሳት ይወስዳል። እውነቱን በተናገሩ ቁጥር ደግሞ "አይ የእሳቸው ጥንቃቄ!" እየተባለ መታመኑ ይብስ ይጨምራል።

መሰላል ገና ዕረፍት ላይ ሳለ፣ አባ ቆይ መለዋወጫ ከሚያመላልሰው ሹፌር ጋር ተሳፍረው ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፈተ፣ ፊታቸውን ዐየና ዘጋው።

የሳይቱ አለቃ በክብር ተቀበላቸው፤ በዝና ያውቃቸዋል። ይዟቸው ሄደ። ጉድጓዱ ያገሳል፤ መሬቱ ከጫማቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። ቫልቩ ከነነጭ መስመሩ በቦታው ተቀምጧል። ከጎኑ ከሸራ የተሠራች ጥላ፣ ከጥላዋ ሥር የተገለበጡ ባልዲዎች፣ ከባልዲዎቹ መሐል የሻይ ማፍያ ምድጃ።

አለቃው ሳሙና በውሃ በጥብጦ መገጣጠሚያው ላይ በብሩሽ ቀባላቸው። የሚያፈስ ቦታ ካለ ሳሙናው አረፋ ያወጣል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ዐዩ። አረፋ የለም።

"ይኸው" አለ አለቃው፣ ከጉድጓዱ ግሳት በላይ እየጮኸ። "እንደ ዕንቁላል ድፍን ነው!"

"አሁን ግፊቱ ትልቅ ነው! አሁን አያሳይም! ጸጥ ሲል ነው መታየት ያለበት!"

"ሲያገሳ ይይዛል፣ ሲተኛ ያፈሳል ነው የሚሉኝ?" አለቃው እጃቸውን ያዘ። "አባ ቆይ፣ ነፍስ ይማር፤ ስለ ባለቤትዎ ሰምቻለሁ።"

ምድጃውን ቢያነሡላቸው ለመኑት፤ እሺ አለና አንድ እርምጃ ያህል ወደዚያ ገፋው። ከዚያ ስልክ ጠራውና ሄደ።

አባ ቆይ ብቻቸውን ቀሩ። ኪሳቸው ውስጥ ቀለም የሚያስለቅቅ ቲነር የነካ ጨርቅ ነበረ። ከቤት ይዘውት ሲወጡ ለምን እንደያዙት ራሳቸውን አልጠየቁም ነበር። አሁን አወጡት። ነጭ መስመር የሌለበት ዕቃ ጉድጓድ ላይ አይሠራም፤ ሕጉ ነው። የሰው አፍ ያልሰማላቸውን ሕጉ ይስማላቸው። ነጩን ጠረጉት። ቀለሙ መጀመሪያ ተንሸራተተ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ከሥሩ ራቁቱን ብረቱ ታየ። የራሳቸውን ሬሳ እንደሚያጥቡ ሁሉ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር አጸዱት። ሥራቸው ይጠፋ ይሆናል፤ ስማቸውም እንዲሁ። ይጥፋ።

ሲመለሱ በመኪናው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሹፌሩ አንገታቸውን እንዳያማቸው ጃኬቱን ጥቅልል አድርጎ አስገባላቸው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ቀለል ያሉ ነበሩ። መሰላል ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አባ ቆይ አልከለከሉትም። ዛሬ ወይ ነገ ተቆጣጣሪ ባዶውን ብረት ያያል፤ "ይህን ማን አሳለፈው?" ይላል፤ ቫልቩም ይወጣል። በወርክሾፑ ስልክ በጮኸ ቁጥር አባ ቆይ ወደ ካቦው ቢሮ ዞር ይላሉ። ካቦው እየተሳደበ እንዲመጣ ይጠብቃሉ፤ ሰው ስድብን እንደ ምሥራች ሲጠብቅ ያን ጊዜ ታየ። ራዲዮ እንኳ "ዛሬስ ፊትዎ ፈታ ብሏል፤ ሚስት አገኙ እንዴ?" ብሎ ቀለደባቸው፤ እሳቸውም "አንተን ከመስማት የምታድነኝ ካገኘሁ ወዲያው ነው የማገባት" አሉት።

ስልኩ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የዕረፍት ቀናቸው ነበር፤ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ አፉ እንደተከፈተ የቀረውን ፌስታል ፊታቸው አድርገው፣ ጆሮ ለማውጣት ይታገሉ ነበር።

"አባባ!" የመሰላል ድምፅ ነው፤ ደስ ብሎታል። "እንዴት ዋሉ? ይሰማዎታል? እዚህ ኔትዎርኩ ልክ የለውም።"

"ይሰማል። ምን ሆነ? አወጡት?"

"ምኑን? ...አይ፣ ሌላ ነው። የምሥራች ልነግርዎት ነው የደወልኩት። ያ ቫልቭዎ፣ መስመሩ ለቆ አገኘሁት። ዝናብ ይሁን ግሪስ እንጃ፣ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ጠዋት ተቆጣጣሪው ሊመጣ ነው ሲባል ዐየሁትና ደነገጥኩ። ይህን ቢያይ 'አባ ቆይ ሳይቀባ ለቀቀው' ብሎ ስምዎን ሊያነሣ ነው። በዚህ ዕድሜዎ! ስለዚህ ሮጥኩና ከመጋዘን ነጭ ቀለም አመጣሁ፣ እንደ እርስዎ አድርጌ፣ ቀጥ አድርጌ፣ እኔው ቀባሁልዎት። ተቆጣጣሪው ዐይቶ፣ መታ መታ አድርጎት አለፈ። ልብዎ ይረፍ ብዬ ነው።"

አባ ቆይ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

"አባባ? አሉ?"

ያኔ ነው የሰሙት፤ ወይም ያልሰሙት። ከመሰላል ድምፅ ኋላ ምንም የለም። የዚያን ቀን መሬቱን ሲያንቀጠቅጥ የነበረው ግሳት የለም። የሰዎች ሳቅ አለ፣ ባልዲ ሲጎተት ይሰማል፣ አንዱ "ስኳር ጨምርበት!" ይላል።

"ልጄ፣ የት ነህ?"

"ዕረፍት ላይ ነን። ዛሬ ጉድጓዱ እንደ ሕፃን ተኝቷል። ጥላዋ ሥር ቁጭ ብለን ሻይ..."

"ቆይ!" አሉ ከወንበራቸው ተነሥተው። "ተነሥ! ሁላችሁም ተነሡ ከዚያ! እኔ ነኝ የጠረግሁት፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ! ቆይ!"

መሰላል ሳቀ። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነበር የሰማው። "ልጆች፣ አባ ቆይ 'ቆይ' እያሉ ነው!" አለ፤ ከኋላው ብዙ ወንዶች በአንድ ላይ "ቆይ!" እያሉ ሲያስካኩ ተሰማ፤ በፍቅር ነው፣ ያውም በብዙ ፍቅር። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ደወሉ። ጣታቸው ቁጥሩን ሳተ፤ ደግመው ደወሉ። የተቀዳውን የስልክ መልእክት የምትናገረው ሴት፣ በዚያ በማይቸኩል ትሑት ድምፅዋ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው እንደማይገኙ ነገረቻቸው፤ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ አለች። አሁንም ደወሉ፤ አሁንም ያንኑ አለች።

ወደ ኢንጂነሯ ደወሉ፤ አታነሣም። ወደ ወርክሾፑ ደወሉ፤ ይጠራል፣ ይጠራል። ጎረቤት በግድግዳው ማዶ ምስማር ይመታል። መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ፌስታሉ ተጋድሞ ስኳሩ በጠረጴዛው ላይ ፈሷል፤ የፈሰሰበትን ጊዜ አላዩም።

አባ ቆይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከግድግዳ ኋላ ቆመው ጠብቀዋል። እዚያ ግን ትንሽም ብትሆን መስታወት ነበረች። አሁን ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ ጥቁሩን ገጽ ትክ ብለው እያዩ መጠበቅ ጀመሩ።